ያልደረሰው ዝርዝር

እትዬ መስኡዳ ስማቸውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው ነገሩኝ። እኔ በመጀመሪያው ጽፌዋለሁ። እሳቸው ግን ብዕሬን እየተከተሉ፣ "መስኡዳ በል። የጠሃ እናት በል። ከመርሳ በል። አሁን ሐይቅ ናት በል" አሉኝ። ማንበብ አይችሉም። "የጠሃ እናት" በሚለው ሥር አስምሬ ሳሳያቸው ግን መስመሩን በጣታቸው ነክተው ደስ አላቸው።

ጊዜው መስከረም 2014 መጨረሻ ነበር። መርሳና ወልድያ ከተያዙ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። ከዚያ የሸሸው ሰው እኛ ከተማ ሐይቅ፣ ከአስፋልቱ በላይ ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል አርባም ሃምሳም ሆኖ ሰፍሯል። እኔ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ቢሮ ውስጥ መዝጋቢ ነበርኩ። ብርድ ልብስና ዱቄት የሚወስዱትን ሰዎች እየዞርኩ እመዘግባለሁ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴ የሚነበብ ስለሆነ ወሰዱኝ።

ከቢሮው መዝገብ ሌላ አንድ የራሴ ደብተር ነበረችኝ። ጅዳ የሚሠራ ዑበይዱላህ የሚባል የሐይቅ ልጅ ነሐሴ ላይ አንድ ድረ ገጽ ከፍቶ ነበር። አረብ አገር ያለ የእኛ አገር ሰው የቤተሰቡ ስልክ አልሠራ ሲለው፣ እናቱን ወይም አባቱን የት እንደሰፈሩ የሚፈልግበት ገጽ ነው። ስሞቹን እኔ እየጻፍኩ ፋይሉን እጭናለሁ፤ እሱ እዚያ ላለው ሰው ያዳርሳል። የመጀመሪያውን ዝርዝር የጫንኩት በስልኬ ነበር። ከዚያ የስልክ ዳታ ጠፋ። ዑበይዱላህም መኖሪያ ፈቃድ የለህም ተብሎ ተያዘና ማቆያ ገባ። ማቆያ ከመግባቱ በፊት ደውሎ የይለፍ ቃሉን እየቆጠረ አስጻፈኝና፣ "ከእንግዲህ ገጹ ያንተ ነው አሕመዲን። ሰው በየቀኑ እየከፈተ ያየዋል፤ እንዳታስተኛው" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

እትዬ መስኡዳ የሚቸኩሉበት ምክንያት ነበራቸው። ልጃቸው ጠሃ ሪያድ ነው። የሥራ ኮንትራቱ በጥቅምት መጨረሻ ያልቃል። መርሳ ከመያዟ በፊት በመጨረሻው ጥሪ፣ "አሠሪዬ ሁለት ዓመት ጨምረህ ፈርም ይለኛል። አንቺ እያለሽ ለምን ብዬ? እመጣለሁ" ብሏቸው ነበር። ሲሸሹ ስልካቸው መንገድ ላይ ወደቀ። ቁጥሩን በቃል አያውቁትም። ሲም ካርዱ የወጣው በጠሃ ስም ስለሆነ ደግሞ ሌላ አይሰጧቸውም።

"እኔ ካለሁ ይመጣል" አሉኝ። "ከሌለሁ ግን ማን አለኝ ብሎ ይመጣል? አባቱ የለ፣ እህት የለችው፣ ወንድም የለው። ይፈርምላቸዋል።"

አጠገባቸው የተቀመጠች የመርሳ ሴት ሳቀች። "ሚስት ተገኝታልሃለች ብለሽም አስጽፊ፣ ሮጦ ይመጣል።"

"አንቺ ደግሞ! መጀመሪያ እናቱን ያግኝ!" አሉና ወደ እኔ ዞሩ። "መቼ ይደርሳል?"

"በዚህ ሳምንት፣ ኢንሻአላህ" አልኳቸው።

በከተማው ውስጥ ኢንተርኔት የቀረው እኛ ቢሮ ብቻ ነበር። እሱም ቢሆን በጥብቅ የተያዘ ነው። አዲስ አበባ ካለው ዋናው ቢሮ ሆነው ይቆጣጠሩታል፤ ከድርጅቱ ኢሜይልና ከወር ሪፖርት በስተቀር ሌላ ነገር አይከፍትም። የጋሽ እንድሪስ ቢሮ በር ላይ፣ "ኢንተርኔት ለሥራ ብቻ። ለሌላ ጉዳይ የሚፈልገው ሰው መጥቶ ያነጋግረኝ" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ጋሽ እንድሪስ የቅርንጫፉ ኃላፊ ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ጮኸው ሲናገሩ እንኳ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ግን የሰው ፊት አልችልም። ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል።

ስለዚህ ጥያቄውን በወረቀት ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ነው፤ ድረ ገጹ ምን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚጠቅም፣ አንድ ሰዓት ቢከፈትልኝ እንደሚበቃኝ። አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከትቼ በሩን አንኳኳሁ።

"ግባ። ምን ልርዳህ አሕመዲን?"

እጄ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረቀቱን ይዤዋለሁ። "የስቴፕለር ሽቦ አልቆብኝ ነው" አልኩ።

"ትናንት አይደል እንዴ አንድ ፓኬት የሰጠሁህ?"

ጸሐፊያቸው የሺሀረግ ከጎን ካለው ጠረጴዛ፣ "ይኼ ልጅ ሽቦ ይበላል እንዴ? ቀጥኖ የቀረው ለካ ለዚህ ነው!" አለች። ጋሽ እንድሪስም ሳቁ፤ ከመሳቢያቸው አውጥተው አንድ ፓኬት ጨመሩልኝ። አመስግኜ ወጣሁ። በማግሥቱም ሄድኩ፤ እንግዳ ነበራቸው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ማንም አልነበረም። ማንም ሳይመልሰኝ በራሴ ተመለስኩ።

ይሉኝታ ይባላል ይኼ። ሰውዬው ሥራ አለባቸው፣ ስንት ችግር እያለ የእኔን ነገር ይዤ ላድርቃቸው? አይሆንም ቢሉኝስ? እሺ ብለው በእኔ ምክንያት ከአዲስ አበባ ቢወቀሱስ? እንዲህ እያልኩ ራሴን ጨዋ አስመሰልኩት። አሁን ሳስበው ፍርሃት ብቻ ነበር።

በጥቅምት መጀመሪያ ሳምንት፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጡ እኔ ቀረሁ። ፋይል መጫኛውን ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ መጥቼ ነበር። ከፈትኩት። ስም ጠየቀኝ፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። ይከለክለኛል ብዬ ስጠብቅ ተቀበለኝ! በቀኝ በኩል ጅዳ ሆኖ ዑበይዱላህ የሠራቸው ፋይሎች ተደርድረው መጡ። የሐይቅ ከተማን አዲስ ዝርዝር በአሮጌው ላይ ጫንኩት። ትንሽ ቆመ። እየተጫነ ነው ይላል። በመስኮቱ ወደ ሐይቁ አየሁ፣ ታንኳ ላይ ያለ ሰው መረብ እየሰበሰበ ነው። መልሼ ሳይ የፋይሉ ስም በቀኝ በኩል ተቀምጧል፤ ቀኑም የዛሬ ነው። ገጹን ከፍቼ ላረጋግጥ አልችልም፣ ቢሮው ገጹን ራሱን ዘግቶታል። ግን ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፤ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ፍላሹን ነቅዬ ምሳ ሳልበላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጥኩ።

"እትዬ፣ ደረሰ! ስምዎ ገብቷል!"

እትዬ መስኡዳ ልብስ እያጠቡ ነበር። አረፋ በያዘ እጃቸው ራሴን ይዘው ሳሙኝ። "አላህ ያክብርህ! አላህ ከክፉ ይሰውርህ! የእናትህ ጡት ይባረክ!" እያሉ ዱዓ አደረጉልኝ። በክፍሉ ያሉት ሴቶች ሁሉ አሚን አሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው መሐል ቆሜ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ለሌላ መጠለያ የጻፍኩትን ዝርዝር ልጭን በምሳ ሰዓት እንደገና ከፈትኩት። ያኔ ነው ያየሁት። ከፋይሉ ስም ቀጥሎ መጠኑን የሚያሳይ ቁጥር አለ። የሌሎቹ ፋይሎች ቁጥር ረጃጅም ነው። የሐይቁ ዝርዝር ግን ዜሮ ይላል።

አዲሱንም ሞከርኩ፤ ስሙ ገባ፣ ዜሮ። ነገሩ ገባኝ። ኬላ ላይ ሾፌሩን ወረቀቱን አይተው አሳልፈው ጭነቱን እንደሚያስቀሩት ነው። የቢሮው ኔትወርክ የእኔን ሰላምታና የፋይሉን ስም ያሳልፋል፣ ውስጡን ያስቀራል። እኔ ደግሞ በአሮጌው ላይ ስለጫንኩት፣ በነሐሴ የገቡት ስሞችም ጠፍተዋል። ገጹ ላይ አንድም ሰው የለም።

"ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለኮ" አለችኝ የሺሀረግ ከምሳ ስትመለስ።

"ምንም።"

"ሽቦ ጨረስክ?"

አልሳቅኩም። ተነሥቼ የጋሽ እንድሪስ በር ላይ ቆምኩ። በስልክ እያወሩ ነበር፤ በእጃቸው ጠብቀኝ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ቆሜ አሰብኩ። አሁን ብነግራቸው በድብቅ የቢሮውን ኮምፒውተር መጠቀሜንም መናገር አለብኝ። ፋይሉን ማጥፋቴንም። ነገ ጠዋት ይሻላል፣ ተዘጋጅቼ እገባለሁ አልኩ። ስልካቸውን ሳይጨርሱ ሄድኩ።

ከሥራ ስወጣ እትዬ መስኡዳ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ብዙ ሰው ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ጦርነቱ ወደ ውጫሌ ቀርቧል እየተባለ የመርሳ ሰዎች ወደ ደሴ ይሄዱ ጀምረዋል።

"ጎረቤቶቼ እንሂድ አሉኝ" አሉ። "እምቢ አልኩ። ልጄ ሐይቅ ናት የሚለውን አይቶ ሰው ቢልክብኝ ደሴ ምን እሠራለሁ? እስካሁን አይቶት ይሆን?"

እውነቱን የምነግርበት ጊዜ ያ ነበር። ከእኛ በስተቀር የሚሰማን ሰው አልነበረም። "አላየውም፣ ዜሮ ነው፣ ይሂዱ" ማለት ነበረብኝ።

"ኢንሻአላህ" አልኩ።

የአላህን ስም ለመደበቂያ ነው የጠራሁት። ከሁሉ የምትቆጨኝ ያቺ ቃል ናት።

በማግሥቱ ጠዋት ቢሮ ስደርስ መኪና ላይ ዕቃ እየተጫነ ነበር። ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ እንድሪስ ሰነዶቹን ታቅፈው፣ "አሕመዲን፣ ወደ ቤተሰቦችህ ሂድ። ስንመለስ እንገናኛለን" አሉኝ። የነበረኝን ጥያቄ እንዴት እዚያ ላይ አነሣለሁ? አላነሣሁም። በእግሬ በዱር በዱር አድርጌ አምባሰል፣ ተራራው ላይ ወዳሉት ቤተሰቦቼ ወጣሁ። ከተማዋ ከአምስት ሳምንት በላይ በሌሎች እጅ ቆየች። ስልክ የለም፣ መብራት የለም። እኔ ከእናቴ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ቀን እቆጥራለሁ። ጥቅምት ሃያ አምስት። ጥቅምት ሃያ ስምንት። ጥቅምት ሠላሳ ያለቀ ዕለት ከማንም ጋር አልተነጋገርኩም፤ እናቴ ያመመኝ መስሏት ስታየኝ ዋለች።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማዋ ተለቀቀች። ስመለስ ቢሯችን በሩ ተነቅሏል፣ ኮምፒውተሮቹ የሉም፣ የወረቀት ክምር ብቻ መሬት ላይ ተበትኗል። ደብተሬን ግን አምባሰል ይዤያት ወጥቼ ስለነበር ተርፋለች። መርሳም ስትለቀቅ ተፈናቃዩ ወደ ቀዬው ተመለሰ። እትዬ መስኡዳ አልተመለሱም። ትምህርት ቤቱን ተዋጊዎች ሲይዙት አንዲት ዓሣ ሻጭ ቤት ተጠግተው ኖረው ነበር። አሁንም እዚያው ናቸው። "ልጄ የሚያውቀው ሐይቅ መሆኔን ነው" ይላሉ አሉኝ።

በዚያ ሰፈር ማለፍ ተውኩ። አንድ ቀን ግን ገበያ ላይ ከኋላዬ ክንዴን ያዙኝ። ከስተዋል።

"አንተ ልጅ! አለህ? አልሃምዱሊላህ! ስለ እኔ የሚጠይቅ ሰው ወደ አንተ አልመጣም?"

"አልመጣም፣ እትዬ።"

"አብሽር፣ መንገዱ ተዘግቶበት ነው" ብለው እኔን አጽናኑኝ።

ጥር ላይ የቢሮው ኢንተርኔት ተመለሰ። ጋሽ እንድሪስ አንድ ላፕቶፕ ይዘው መጡ። በዚያው ጠዋት ገባሁ። ወረቀት አልያዝኩም። ድረ ገጹን፣ ስሞቹን፣ እንዲከፈትልኝ የምፈልገውን ነገርኳቸው። ጋሽ እንድሪስ ስልካቸውን አንሥተው አዲስ አበባ ደወሉ። "አንድ ልጅ አለ፣ የተፈናቃይ ስም የሚጭንበት፤ ክፈቱለት። አዎ። ዛሬ" አሉ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

"ይኸው ነው" አሉኝ። "መቼ ነው ይኼ ያስፈለገህ?"

"መስከረም ላይ ነበር።"

ቀና ብለው አዩኝ። "መስከረም ላይ ብትነግረኝ አልከፍትልህም ነበር?"

ላፕቶፑን ስቤ ተቀመጥኩ። የሺሀረግም ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን አልቀለደችብኝም። ፋይሉን ጫንኩት። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከዜሮ ተነሥቶ ሲጨምር እያየሁ ዓይኔ እንባ ሞላ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ በማላውቀው የውጭ ቁጥር ተደወለልኝ። ገጹ ላይ ከታች የጻፍኩት የእኔን ስልክ ነው።

"ሰላም ዐለይኩም። ጠሃ እባላለሁ፣ ከሪያድ ነው። መስኡዳ፣ ከመርሳ፣ አሁን ሐይቅ ናት ይላል። እውነት ነው? በሕይወት አለች?"

"አለች። አትዝጋው!" ብዬ ስልኩን እንደያዝኩ ሮጥኩ። እትዬ መስኡዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዓሣ እየፋቁ ነበር። ስልኩን ድምፁን ከፍቼ ጆሯቸው ሥር ያዝኩላቸው። መጀመሪያ ሁለቱም አለቀሱ። የሚባለው ነገር አይለይም፣ እማ፣ ልጄ፣ እማ ብቻ ነው።

ከዚያ እትዬ መስኡዳ፣ "መቼ ትመጣለህ? መንገዱ ተከፍቷልኮ" አሉ።

ጠሃም፣ "ፈረምኩ እማ።"

"ምኑን?"

"ሁለት ዓመት። እስከ መጨረሻው ቀን ጠብቄ ነበር፤ ወላሂ በየቀኑ ነው ገጹን የምከፍተው። መጀመሪያ የሐይቅ ሰው ስም ነበረበት፣ አንቺ የለሽበትም እንጂ። በኋላ ጭራሽ ነጭ ሆነ። አንድ ስም የለበትም። እዚህ ያለው ሰው ትምህርት ቤቱ ተመቶ ሁሉም አልቋል አለ። ለማን ብዬ ልምጣ? ሞተሻል ብዬ ሰደቃ አውጥቼልሽ ፈረምኩ።"

እትዬ መስኡዳ እጃቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት ተጣብቋል። ቀና ብለው አዩኝ። "ነጭ ነበር ይላል። አንተ ደርሷል ብለኸኝ አልነበር?"

"ደርሷል ብዬ ነበር" አልኩ። "የዝርዝሩ ርእስ ብቻ ነው የደረሰው። ውስጡ ባዶ ነበር። የድሮዎቹንም ስሞች ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

"አታውቅም ነበራ!"

ለመውጣት ሰፊ በር ከፈቱልኝ። አላውቅም ነበር ብል አምነውኝ ይቀሩ ነበር።

"በሦስተኛው ቀን አወቅኩ" አልኩ። "ትምህርት ቤቱ በር ላይ አይቶት ይሆን ብለው ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። አለቃዬን መጠየቅ አፍሬ ነው። ለእርስዎም መናገር አፍሬ። ብጠይቅ ኖሮ ይከፈት ነበር።"

ከስልኩ ውስጥ ጠሃ፣ "ማነው እሱ?" አለ።

"ስሜን የጻፈው ልጅ ነው" አሉት። ከዚያ በላይ አልጨመሩለትም።

እኔ ተንበርክኬ፣ "አፉ በሉኝ እትዬ" አልኩ።

"አፉ ብያለሁ" አሉ ወዲያው። እንደ ሰላምታ ነው ያሉት፤ ሰው ሲለምን የሚባለውን። ከዚያ ወደ ልጃቸው ተመልሰው ስለ ጤናው ይጠይቁት ጀመር፤ እየበላ እንደሆነ፣ የት እንደሚተኛ። ስልኩን እንደያዝኩ እስኪጨርሱ ተንበርክኬ ቆየሁ።

በማግሥቱ ወደ መርሳ ሊሄዱ መናኸሪያ መጡ። ቀድሜ ሄጄ ጠበቅኳቸው። ጥቅላቸውን ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ፣ "ተወው፣ ቀላል ነው" ብለው ለሚኒባሱ ረዳት ሰጡት። ረዳቱ "መርሳ! ወልድያ! የሞላ ነው!" እያለ ይጮኻል። ከፊት ወንበር በመስኮቱ በኩል ጠሩኝ።

"እዚያ ወረቀትህ ላይ ሐይቅ ናት የሚለውን ለውጠው። መርሳ ገብታለች በል።"

"እሺ።"

"የዚያ የጠሃ ነገር ሁለት ዓመት ነው። እኔ ደግሞ እንደምታየኝ ነኝ። እደርስበት እንደሆነ አላህ ያውቃል።" ሻሻቸውን አስተካከሉ። "መርሳ ናት የሚለው ሳይደርስ ከቀረ፣ አልቻልኩም በለኝ። በጎረቤቶቼ ስልክ ደውለህ አልቻልኩም በለኝ። ሌላ ነገር አልልህም።"

"እሺ" አልኩ።

"አልሰማሁህም።"

ሞተሩ ተነሥቷል፤ በመስኮቱ ሁሉ ሰው ወደ እኔ ያያል።

"እነግርዎታለሁ!" ብዬ ጮኽኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ፊት ዞሩ። ሚኒባሱ አስፋልቱን ይዞ እስኪሰወር ድረስ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወደ ቢሮ ሄጄ አንዷን ቃል ለወጥኩና ጫንኩት፤ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አየሁት። የሺሀረግንም ጠርቼ እንድታይልኝ አደረግኩ። ደርሷል። ሪያድ ሆኖ የሚያነበው ሰው ግን አሁን ሊመጣ አይችልም።